ከምስጋና ሌላ

ስልኩ ሲጠራ እናትና ልጅ እኩል ተነሡ። ቀድማ የደረሰችው ልጅቷ ናት።

«የሶፋ ሠሪው ቤተሰብ ነው?» አለ የወንድ ድምፅ። የደከመ ድምፅ ነው፤ ግን አልተጣደፈም። «ከሆስፒታል ነው የምደውለው፤ ነርስ ነኝ። አትደንግጡ፣ ደህና ናቸው።»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አባቷ በአምቡላንስ ከተወሰዱ ወዲህ «አትደንግጡ» ያላት ሰው አልነበረም። ሁሉም ሊያስደነግጣት ነበር የሚደውለው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው» አለ ነርሱ። «ጋሼ ትኩሳት አላቸው፤ ከነጋ ጀምሮ ‹መርፌ፣ መርፌዬን› ይላሉ። ሐኪሟ ያዘዘችላቸው መርፌ ደግሞ የለም። ቤት ውስጥ የሚወጉት መድኃኒት ነበር እንዴ? የስኳር ምናምን?»

ልጅቷ ሳቋም ዕንባዋም ባንድ ላይ መጣ።

«መርፌ እኔ ነኝ» አለች።

«እንዴት?»

«አባዬ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ቀጭን ስለሆንኩ።»

«ምላሷም ስለሚወጋ ነው በይው!» አሉ እናቷ ከጎኗ።

ከወዲያ በኩል ሰውየው ሳቁን እየዋጠ እንደሆነ አወቀች።

«እንግዲያው መርፌያቸውን እሰጣቸዋለሁ» አለ። «ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደርገዋለሁ። የኦክስጅን ጭንብሉ አያስወራቸውም፤ መልስ ሳይጠብቁ ዝም ብለው ያውሩላቸው።»

ብዙ ነገር ልትላቸው ስታስብ ነበር የሰነበተችው፤ ጆሯቸው ሲገኝ ግን አፏ የያዘው የሥራ ወሬ ብቻ ሆነ። «አባዬ፣ የቀዩን ሶፋ ክንድ ጨረስኩት። ስፌቱ ጠሞብኛል። ቶሎ መጥተህ ተቆጣኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነርሱ ተረኛነቱን ሲያስረክብ በራሱ ስልክ ይደውል ጀመር። በሽታው እንዳይዛመት እናትና ልጅ ከቤት እንዳይወጡ ታዘዋል። ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለው የሶፋ መሥሪያ ክፍል ተዘግቷል፤ ጎረቤት ዳቦ በር ላይ አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ ይሮጣል። የቀን ብርሃን የምትመስለው ያቺ ስልክ ብቻ ነበረች።

ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት እናቷ ናቸው። አባትየው ምን እንደሚወዱ፣ በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ፣ በወጣትነታቸው ምን ያህል ግትር እንደነበሩ ይነግሩታል። ነርሱ «እሺ እትዬ፣ እሺ» እያለ ይሰማል። አንድ ቀን ስልኩ ልጅቷ እጅ ሲደርስ እንደ ዋዛ ጠየቀችው።

«እርስዎስ በልተዋል?»

መልሱ ዘገየ።

«ምነው፣ ክፉ ነገር ጠየቅሁ?»

«አይ… የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። ብስኩት በልቻለሁ።»

«እንቅልፍስ?»

«ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ አንድ ሶፋ አለ። ስፕሪንጉ ወጥቶ ጎን ይወጋል። ስለዚህ ወንበር ደርድረን ነው ጋደም የምንለው።»

«ሶፋ ሠሪ ቤት ደውለው ሶፋችን ተበላሽቷል ይላሉ?» አለች። «እኛ እኮ ለዚህ ነው የተፈጠርነው።»

የባሰውም ቀን መጣ። ነርሱ ደወለና ሰላምታ ሳያስረዝም «ዛሬ ልዋሽዎት አልችልም» አለ። «ከብዷቸዋል። እኔ አጠገባቸው ነኝ። ስልኩን ልያዝላቸው፤ ያውሩ።» እናትየው ያን ዕለት ጸሎት ብቻ አደረሱ። ልጅቷ የተረፈውን ሰዓት ሁሉ አወራች። ነርሱ ሥራው ካለቀ በኋላ እዚያው ቆሞ ስልኩን ይዞላቸው እንደነበር የሰማችው በኋላ፣ ከሌላ ሰው ነው።

አባቷ ያን ሳምንት አለፉት። እንዴት እንዳለፉት ሐኪሟም በእርግጠኝነት መናገር አልቻለችም።

እናትና ልጅ የመገለያ ጊዜያቸው ሲያበቃ ልጅቷ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ስፖንጅ፣ ስፕሪንግ፣ ሚስማር፣ መዶሻና አንድ ጥቅል ጨርቅ ጋሪ ላይ ጭና ሆስፒታሉ በር ላይ መቆም ነበር። ወደ ውስጥ እንደማትገባ ታውቃለች። ሶፋው ግን መውጣት ይችላል።

በሩ ላይ ጠረጴዛ አለ። የታማሚ ቤተሰብ የሚያመጣው ሁሉ እዚያ ላይ ይቀመጣል፦ ብርቱካን፣ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ፣ የእጅ ቅባት፣ ሕፃናት የሳሉት ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ሥዕል። አንዱ ፀጉር አስተካካይ «ለነርሶችና ለሐኪሞች በነፃ» ብሎ ጽፎ የሱቁን አድራሻ ለጥፏል። ዘበኛው ጠረጴዛውን እንደ ሱቅ ባለቤት ይጠብቃል።

«አንቺ ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አላት።

«ሶፋችሁን አምጡልኝ።»

ዘበኛውና አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ሶፋውን በመድኃኒት ወልውለው፣ ተሸክመው፣ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር አስቀመጡላት። ጨርቁን ገፈፈችው። የወጣውን ስፕሪንግ ነቅላ በአዲስ ተካች። ሚስማሩን እየመታች ሳለ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«መርፌ?»

ሳትዞር አወቀችው። ድምፁን ቤቷ ውስጥ ለምዳዋለች፤ ከእናቷ ድምፅ እኩል።

ዞር ስትል ራቅ ብሎ ቆሟል። ፊቱ በጭንብል ተሸፍኗል፤ የሚታየው ዓይኑና ግንባሩ ነው። ግንባሩ ላይ የመከላከያ መነፅሩ የተወው ቀይ ምልክት አለ። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ እንቅልፍ ጠምቷቸዋል፤ ግን እያዩዋት ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደተያዩ አላወቀችም። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከስልኩ ይልቅ ረጅም ነህ» አለች። አንቱታውን እንዴት እንደተወችው ለራሷም ገረማት።

«በስልክ አጭር ነበርኩ?»

«በስልክ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ነበር የምትመስለኝ። ሆድ ያለህ።»

ሳቀ። የሳቀውን በዓይኑ አየችው።

«ይሄ ሁሉ ለምን?» አለ ወደ ሶፋው እያየ። «ጋሼ ገና አልወጡም። ቢያንስ እስኪድኑ…»

«እስኪድኑ ብጠብቅ ንግድ ይሆናል» አለች። «ባይድኑስ ኖሮ? ሶፋውን አልሠራም ነበር?»

ያቺ ቃል አንድ ነገር ነካችበት መሰል ዛፉን ተደግፎ ቆመ። እሱ ተረኛ ሳለ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት እንደነበሩ ነገራት። ከቀብሩ በኋላ ተመልሰው መጥተው ለነርሶቹ ሁሉ ካልሲ ሰጡ። «ቆማችሁ ስለምትውሉ ነው» አሉ።

«ካልሲውን እስካሁን አላደረግሁትም» አለ። «ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር ያልተረፉት ናቸው የሚመጡብኝ። ምስጋና እንደ ዕዳ ይከብደኛል።»

ልጅቷ መዶሻዋን አስቀመጠች። «አድርገው» አለች። «ካልሲ እኮ ነው። ሴትየዋ እግርህ እንዳይበርድህ ነው ያሰቡት።»

አባቷ የወጡ ቀን ሰውነታቸው ግማሽ ሆኖ፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በነርሱ እጅ እየተገፉ በሩ ላይ ደረሱ። እናትየው አልቅሰው ሲጨርሱ ወደ ነርሱ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ምን እናድርግልህ?»

«ምንም እትዬ። ዋናው እሳቸው መዳናቸው ነው።»

ዘበኛው ግን አላስቻለውም። «ቤት ፈልጉለት» አለ። «አከራዩዋ አባርራዋለች። በሽታ ታመጣብኛለህ ብላ ፍራሹን ውጭ አወጣችው። ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው።»

ነርሱ መሬት መሬቱን አየ። ያፈረው እሱ ነበር፤ በዳዩ እሱ የሆነ ይመስል።

እናትየው ቁጣቸው ከዕንባቸው በለጠ። «ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወጥቶ ለነርስ የሚያጨበጭብ አገር! እያጨበጨበ ፍራሽ ያወጣል?»

አባትየው ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየተነፈሱ፣ «ከኋላ… ክፍል አለ» አሉ። «የስፖንጅ ማስቀመጫ። የራሱ በር… የራሱ ቧንቧ አለው።»

ነርሱ አይሆንም ብሎ ተከራከረ። እንዳያስይዛቸው ይፈራል። ልጅቷ አባቷን ወደ ታክሲው እየደገፈች፣ «ስፖንጁን ሳወጣ እሁድ ይሆናል» አለችው። «ከዚያ በኋላ ባዶ ክፍል ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያሳዝናል።»

እሁድ አንድ ሻንጣ ይዞ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት በግቢው ቧንቧ ፊቱን ሲታጠብ በመስኮት አየችው። ሙሉ ፊቱን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በሐሳቧ ስላ ከሰጠችው አፍንጫ የራሱ ይበልጣል፤ የፊት ጥርሱም ፍንጭት ነው። ዓይኑን ታውቀው ነበር፤ ሰውየውን ግን ያን ጠዋት ነው የተዋወቀችው። የያዘችውን ጨርቅ ከመስመሩ ውጭ ቆረጠችው፤ አባቷም አልጋቸው ላይ ሆነው መቀሱን በጆሯቸው ሰምተው «ምን ሆንሽ?» አሏት።

ጎረቤት መጀመሪያ ተጉረመረመ። ከማዶ ያሉት ባለሱቅ «በሽታ ከነሻንጣው አስገባችሁ» አሉ። እናትየው «አዎ፣ ከነሻንጣው አዳነን» ብለው መለሱ። ወር ሳይሞላ እኚያው ባለሱቅ ደም ግፊታቸውን ሊያስለኩ ግቢው በር ላይ ቆመው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ነርሱ አለ?» ይሉ ጀመር።

ልጅቷ የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር አድርጋ ትሠራለች። እሱ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ፣ ታጥቦ፣ የክፍሉ ደፍ ላይ ይቀመጣል። በመካከላቸው ግቢው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ሲያወራ ይጮኻል፤ እነሱ ግን ቀስ ብለው ያወራሉ፤ ደግሞም ይሰማማሉ።

«ዛሬ ምን ሰፋሽ?»

«የሰው ትራስ። አንተስ?»

«ዛሬ ሁለት ሰው ወደ ቤቱ ሸኘሁ።»

እንደዚህ ያለው ቀን መልካም ቀን ነው። ወሬ የማይጀምርበትም ቀን አለ። ያኔ እሷም አትጠይቅም፤ መኪናዋን አቁማ ዝም ብላ ትቀመጣለች። የመኪናው ድምፅ ሲቆም ቀና ብሎ ያያታል። ለረጅም ጊዜ ይተያያሉ። ከዚያ «ስፊ» ይላታል፤ «ድምፁን እወደዋለሁ።»

አንድ ቀን የስፌት መርፌ ጣቷን ወጋትና ደሟ ጨርቁ ላይ ነጠበ። ግቢውን አቋርጦ መጣ፤ እጇን ያዘ፣ ጠረገ፣ በፕላስተር ጠቀለለ። ሥራው ካለቀ በኋላም እጇን አለቀቀም።

«መርፌም ራሷ ተወጋች?» አለ፣ ዓይኑን ከጣቷ ሳያነሣ።

«ነርስም የያዘውን መልቀቅ ይረሳል?» አለች።

እጇን የለቀቃት እናቷ ሲመጡ ነው። እናቷ አይተዋል፤ አላየሁም ብለው ድስታቸውን ይዘው አለፉ።

አባትየው እየበረቱ ሄዱ። ነርሱ በየቀኑ ግቢውን ያዞራቸዋል፣ ለሳንባቸው ብሎ ፊኛ ያስነፋቸዋል። የሚገርመው ግን ሌላ ነበር። እኚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደንበኛ፣ ከነጋዴ፣ ከሚስታቸው ጋር ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ለነርሱ አፍ አጡ። ተነሡ ሲላቸው ይነሣሉ። ጨው ይቀንሱ ሲላቸው ጨው ያቆማሉ። አንድ ጊዜ የበሩን ማጠፊያ ሊያጠብቅ መዶሻ ሲጠይቃቸው፣ ልጃቸው እንኳ እንድትነካው የማይፈቅዱትን የገዛ መዶሻቸውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

ልጅቷ ሳቀች። ነርሱ ግን አልሳቀም። መዶሻውን ይዞ ሽማግሌውን ትኩር ብሎ አያቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ እኚያ ባለሱቅ ደም ግፊታቸውን ተለክተው ሲያበቁ እናትየውን በጨዋታ ጠየቋቸው። «ለመሆኑ ለዚህ ልጅ ውለታ ምን ከፈላችሁት?»

«ምን ይከፈለዋል?» አሉ እናትየው። «ልጄን ቢጠይቀኝ እንኳ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።»

ነርሱ ቧንቧው ጋ ሆኖ መሣሪያውን እየወለወለ ነበር። ልጅቷ በመስኮት አየችው፤ እጁ ቆመ። ደስ ይለዋል ብላ ጠበቀች። ፊቱ ግን እንደ መጥፎው ቀን ፊቱ ሆነ።

በማግስቱ ደፉ ላይ አልተቀመጠም። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ገብቶ በሩን ይዘጋል። በሳምንቱ መጨረሻ በሌላ ሰፈር ቤት እንዳገኘ ለእናትየው ነገራቸው። ልጅቷ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን አደረግንህ?»

«ምንም። ይሄ ነው ችግሩ፤ ምንም አታደርጉኝም። የጠየቅኩትን ሁሉ ትሰጡኛላችሁ።»

«ይሄ ያስኮርፋል?»

ሻንጣውን ትቶ ቀና አለ።

«እወድሻለሁ» አለ። ሲናገረው አዝኖ ነበር። «ከዚያ ከዛፉ ሥር ጀምሮ። ግን አባትሽ ‹ነፍሴን የመለሰልኝ እሱ ነው› ይላሉ። እናትሽ ‹እምቢ የምልበት አፍ የለኝም› ብለዋል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ጋ ሄጄ ‹ልጅዎን ይስጡኝ› ልበል? ይሄ መጠየቅ አይደለም፤ መውሰድ ነው።»

«እሺ እነሱስ ይሁኑ። እኔስ?»

ዓይኑን ወደ ሻንጣው መለሰ፤ እሷም ገባት።

«እኔም ላመሰግንህ የምወድህ መሰለህ?» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «ጠረጴዛው ላይ እንደሚቀመጠው ብርቱካን ነኝ እኔ?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አስበኸዋል። ስማኝ፤ የኔ ምስጋና ማረፊያ ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጧል። በየቀኑ ትተኛበታለህ። እሱን ሠርቼ ጨርሻለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ልዩነቱን ካላወቅከው ግን እኔ ላስረዳህ አልችልም።»

ዞራ ሄደች። እሱም ሄደ። እናቷ የሰጡትን ምግብ እንደ ቋጠሩት በሩ ላይ ረስቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ልጅቷ ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ሲጠይቋት ትመልሳለች። መስኮቱን ግን ዘግታዋለች። አልደወለችም። እሱ ለአባቷ ይደውላል፤ ስለ አተነፋፈሳቸው ይጠይቃል፤ ከመዝጋቱ በፊት ትንሽ ዝም ይላል። አባቷ ያንን ዝምታ ማዳመጥ ጀመሩ።

አንድ ቀን መኪናዋ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጁ ሲደውል ሊጠይቀኝ ፈልጎ የማይጠይቀኝ ነገር አለ። ምንድን ነው?»

«ስለኔ ይሆናል» አለች፤ መደበቅ ሰልችቷታል። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከመዶሻው እስከ ብርቱካኑ።

አባቷ ስቀው ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረባቸው። ሳሉ ሲያልፍ ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

«እምቢ ማለት አይችልም አለኝ?»

«አዎ።»

«ጫማዬን አምጪልኝ።»

ነርሱ የተከራየው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ልጅቷ «ደውዬ ላስወርደው» ብትል አልሰሙም። በየፎቁ እያረፉ፣ ደረጃው ላይ እየተቀመጡ፣ በክንዷ ተደግፈው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ «አንቺ እዚህ ቆዪ» አሏት።

ነርሱ ከፍቶ ሲያያቸው ደነገጠ። «ጋሼ! ይሄን ሁሉ ደረጃ! ይቀመጡ፣ የልብ ምትዎን ልይ።»

በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ልቤን ተወው» ሲሉ ሰማቻቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። «አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ፈልገህ ፈርተሃል ተባልኩ። በል ጠይቀኝ።»

ወንበር ሲሳብ ሰማች።

«ልጅዎን እወዳታለሁ» አለ ነርሱ። «ፈቃድዎ ከሆነ ላገባት እፈልጋለሁ።»

«አልፈቅድም» አሉ አባቷ።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«አልፈቅድም፤ ምክንያቱንም ልንገርህ» አሉ ሽማግሌው ጎላ ባለ ድምፅ። ይሄን ድምፅ ከታመሙ ወዲህ ሰምታው አታውቅም። «ልጄን ሳታማክር ስለሷ ወስነሃል። እናቷ አልቅሳ የቋጠረችልህን ምግብ ጥለህ ሄደሃል። እኛን ደግሞ አፍ የሌለን አድርገህ ቆጥረሃል። እንደዚህ ላለ ሰው ልጄን አልሰጥም። አየህ? ከአፌ ወጣ። አልሞትኩም።»

ነርሱ አልጋው ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

«ደግሞ ያዳንከኝ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ለስልሷል። «ሐኪሟ አለች። ኦክስጅን የሚያመላልሰው ጎረምሳ አለ። ወለሉን የምታጥበው ሴትዮ በየቀኑ እግሬን እየዳሰሰች ‹አይዞዎት› ትለኝ ነበር። ለሁሉም ልዳር ብል ሴት ልጅ ከየት አመጣለሁ?»

አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየችውም። የነርሱ ነበር። ሲቆይ ልቅሶ መሆኑን አወቀች። ሽማግሌው እንዲጨርስ ተዉት።

«የሞቱትም በአንተ አልሞቱም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም በአንተ ብቻ አልዳንኩም። ሥራህን ሠርተሃል። ምስጋናዬን ተቀበልና አስቀምጠው፤ ከዚህ በላይ አትሸከመው። አሁን ውጣና መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባትን ሰው ጠይቃት። እሺ ካለችህ ተመልሰህ ና፤ ያኔ እንደገና እንነጋገራለን። ከመውጣትህ በፊት ግን ውኃ ስጠኝ።»

ነርሱ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ደረጃው ላይ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ትንሽ ክፍተት ትቶ።

«ሰምተሻል?»

«ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።»

«እምቢ አሉኝ እኮ» አለ። አንድ ነገር ከጀርባው ላይ ያወረዱለት ሰው ይመስል ነበር።

«ጥሩ አደረጉ። እኔም ብሆን እላለሁ።»

«አሁንም ትያለሽ?»

«ያልጠየቅከኝን እንዴት አድርጌ ልመልስ?»

ወደ እሷ ዞረ። ዓይኖቹ እንደ መጀመሪያው ቀን ናቸው፤ እንቅልፍ ጠምቷቸዋል፤ ግን እያዩዋት ነው።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ሰው ሲወደኝ ውለታ እየመለሰ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ግን ሆስፒታል በር ላይ መዶሻ ይዘሽ ስትቆሚ ያዳንኩልሽ ሰው አልነበረም፤ አባትሽ ገና አልዳኑም ነበር። ይሄን ለማሰብ ይሄን ሁሉ ሳምንት ፈጀብኝ። ታገቢኛለሽ?»

ልጅቷ ገርበብ ባለው በር ወደ ውስጥ አየች። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ውኃ የሚጠጡ አባቷ፣ ከበስተጀርባቸው መስኮት።

«መስኮቱ ወደየት ነው?» አለች።

«ምን?»

«መስኮትህ። ለስፌት ብርሃን ያስፈልገኛል።»

ትርጉሙ እስኪገባው ድረስ ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ፍንጭት ጥርሱ ታየ።

«ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል።»

«ከሰዓትስ?»

«ከሰዓት… እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሆኜ አላውቅም።»

«እንግዲያው ቆይተን እናያለን» አለችና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ተጠግታ ዘጋችው። ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። እጇን ያዘ።

ሠርጉ ገና ወራት ይቀሩታል። ሽማግሌው እሺታቸውን የሰጡት ግን ያኔውኑ ነው፤ ነርሱ ገብቶ ጥያቄውን ሲደግምላቸው «አሁን ይሁን» ብለው፣ ግንባሩን ስመው፣ «ስለ ምግቡ ግን እናቷን ራስህ ይቅርታ ጠይቃት» ብለው የባለቤታቸውን ስልክ ደወሉለት። እናትየው ይቅርታውን የተቀበሉት ግማሽ ሰዓት ያህል ከተቆጡት በኋላ ነበር።

ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡ፤ አባትየው ወንበሩ ላይ፣ ሁለቱ አልጋው ጠርዝ ላይ። የቸኮለ ሰው አልነበረም። ነርሱ ሻይ አፈላ። ብርጭቆው ሁለት ብቻ ስለነበር እሱና እሷ በአንዱ ተካፈሉ።

የከሰዓቷ ፀሐይ ከፊት ለፊት ካለው ጣሪያ ዞራ በመስኮቱ ጥግ ገባች። መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ወለሉን ያዘች። አባቷ ተነሥተው ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ላይ ቆሙ፤ ወለሉን በጫማቸው መታ መታ አድርገው ጥንካሬውን ሞከሩት።

«መርፌ» አሉ፣ «መኪናሽ እዚህ ጋ ትቀመጣለች።»